ለበትር ፍልሚያ የሚሆን የጃፓን ጥሩር፦ ከካርቶን ልኬት እስከ ማሰሪያ ገመዱ

የጃፓን ጥሩር ሊሠራ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ስለ ብረቱ ነው። ሥራውን የሚያቆመውም የሚያፈርሰውም ግን ገመዱ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን የነበረው የአውሮፓ ጥሩር በሪቬትና በቆዳ ማሰሪያ ይገጣጠማል፤ የጃፓኑ ደግሞ አግድም የተደረደሩ ሰሌዳዎች በጠፍጣፋ ገመድ ቁልቁል ተያይዘው የሚንጠለጠሉበት ነው። ስትንበረከኩ የሚታጠፈው፣ በትር ሲያርፍበት ጉልበቱን የሚያበርደው፣ ቀድሞ የሚበጠሰውም ይኸው ማሰሪያ ነው። ስለዚህ የቁስ ምርጫውንም፣ የቀዳዳውን ልክም፣ የሥራውን ቅደም ተከተልም የምወስነው ከገመዱ ተነስቼ ነው።

እዚህ የምጽፈው በ1966 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ በርክሊ ከተማ የተጀመረው ሶሳይቲ ፎር ክሪኤቲቭ አናክሮኒዝም (በአጭሩ ኤስሲኤ)፣ የጥንቱን ዘመን አኗኗርና ፍልሚያ መልሶ የሚያሳይ ማኅበር፣ በሚከተለው ደንብ ለሚፋለሙ ነው። ሰይፉ ራታን ከሚባል ውስጡ ድፍን ከሆነ ዘንግ ይሠራል፤ ውፍረቱ ቢያንስ 32 ሚሊሜትር ነው። ዱላው አይቆርጥም፣ ግን አጥንት ይሰብራል። በደነዘዘ ብረት ለሚደረገው ፍልሚያ ይህ አሠራር አይበቃም። ደንቦቹም በየጊዜው ስለሚሻሻሉ ላሜራ ከመግዛታችሁ በፊት የአካባቢያችሁን የፍልሚያ ዳኛ ወቅታዊውን መመሪያ ጠይቁ።

የትኛውን ዘመን?

ብዙዎች የሚመኙት ኦ-ዮሮይን ነው፦ የሄይአንና የካማኩራ ዘመን (ከ8ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ እስከ 14ኛው መጀመሪያ) ታላቁ ጥሩር፣ ሰፋፊ የትከሻ ጋሻ ያለው፣ እንደ ሣጥን ማዕዘን የሚሠራ። ለመጀመሪያ ሥራ አልመክረውም። ኦ-ዮሮይ የተሠራው በፈረስ ላይ ሆኖ ቀስት ለሚወረውር ሰው ነው፤ ክብደቱ የሚያርፈው ትከሻ ላይ ሲሆን በእግር ለሚፋለም ሰው ወገቡ ላይ አይጨብጥም። በዚያ ላይ ከ1,500 በላይ ትናንሽ ቅርፊቶች (ኮዛኔ) ያስፈልጉታል። እያንዳንዱ ቅርፊት 13 ያህል ቀዳዳ አለው፤ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ እየተደራረቡ ከተሰፉ በኋላ ነው አንድ ሰሌዳ የሚወጣቸው።

የሚሻለው የ16ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ፣ ቶሴይ ጉሶኩ የሚባለው ነው። በ1543 እ.ኤ.አ. ጠመንጃ የጃፓኗ ታኔጋሺማ ደሴት ከደረሰና ጦሩ በአብዛኛው እግረኛ ከሆነ በኋላ ጥሩር ሠሪዎች ቅርፊቱን ትተው ወደ ድፍን ሰሌዳ ሄዱ። ከዚህ ወገን ቀላሉ ኦኬጋዋ-ዶ ነው፤ የደረቱ ሰሌዳዎች በገመድ ሳይሆን በሪቬት ይያያዛሉ። ለተራ እግረኛ ወታደር ከጌታው ግምጃ ቤት በውሰት የሚሰጠው ጥሩርም በአብዛኛው ይህ ነበር። ስለዚህ ተራ ጥቁር ኦኬጋዋ የለበሰ ሰው ታሪክ አላዛባም፤ ከወርቅ ቅቡ የበለጠ እውነተኛ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቁሱ

ጥንት የሚሠራው ከብረትና ካልተለፋ ደረቅ ቆዳ ነበር፤ ሁለቱም ኡሩሺ በሚባል የዛፍ ሙጫ ይለበጡ ነበር። ዛሬ ምርጫችን ሦስት ነው። 1.2 ሚሊሜትር የብረት ላሜራ በካሬ ሜትር 9.4 ኪሎ ይመዝናል፤ 2 ሚሊሜትር አሉሚኒየም 5.4 ኪሎ፤ 4 ሚሊሜትር የበርሜል ፕላስቲክ 3.8 ኪሎ። ለደረትና ለጀርባ፣ ድርብርቡን ጨምሮ፣ ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ይፈጃል። ስለዚህ በብረት 4.7 ኪሎ፣ በአሉሚኒየም 2.7 ኪሎ፣ በፕላስቲክ 1.9 ኪሎ ይመጣል ማለት ነው።

እኔ የምመርጠው ደረቱን ከአሉሚኒየም፣ የተንጠለጠለውን ሁሉ ከበርሜል ፕላስቲክ፣ የራስ ቁሩን ከብረት መሥራት ነው። በተንጠለጠለው ክፍል ፕላስቲክን የምመርጠው በክብደቱ ብቻ አይደለም፤ የብረት ቀዳዳ ጠርዝ ገመድ ይቆርጣል፣ የፕላስቲክ ቀዳዳ አይቆርጥም። ባለ 200 ሊትር በርሜል ከአንድ ካሬ ሜትር በላይ ጥሩ ቁስ ይሰጣል። ከደረቱ በታች ለሚንጠለጠለው ቀሚስ ግማሽ ካሬ ሜትር ስለሚበቃ የቀረው ለትከሻና ለጭን ይሆናል። በርሜሉ ምግብ የተያዘበት ይሁን። ኬሚካል የነበረበትን ወይም ምን እንደነበረበት የማይታወቀውን አትንኩ፤ ስታሞቁት የሚወጣው ጭስ ሳንባ ውስጥ ይገባል።

ደረትና ጀርባ (ዶ)

መጀመሪያ ወፍራም ካርቶን። ከጥሩሩ ስር የምትለብሱትን ልብስና ስፖንጅ ለብሳችሁ ሦስት ቦታ ተለኩ፦ ብብት ስር፣ የጎድን አጥንት ላይ፣ ወገብ ላይ። ለትንፋሽ ብብት ስር 4 ሴንቲሜትር፣ ወገብ ላይ 2 ሴንቲሜትር ጨምሩ። በወገብ ያለው መጥበብ ወሳኝ ነው፤ ጥሩሩ ዳሌ ላይ አርፎ በላዩ መቀነት (ኡዋ-ኦቢ) ሲታሰር ክብደቱ ከትከሻ ይወርዳል። ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ በርሜል መሰል ደረት ከሠራችሁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገታችሁ ላይ ይጫናል።

የቶሴይ ጉሶኩ ልማድ ወገብ ዙሪያ 5 ረድፍ፣ ከዚያ በላይ በደረት በኩል 3፣ በጀርባ በኩል 4 ረድፍ ነው። እያንዳንዱ ሰሌዳ 7 ሴንቲሜትር ቁመት ይኑረው፣ 1.5 ሴንቲሜትር ይደራረብ። ታችኛው ሰሌዳ ከላይኛው ውጭ ነው የሚሆነው፤ ዓሣ ቅርፊት ላይ ከምናየው ተቃራኒ ማለት ነው፣ ጀማሪዎችም ብዙ ጊዜ ይገለብጡታል። ካርቶኑን በፕላስተር አያይዛችሁ ልበሱና ቁጭ በሉ፣ ጉልበታችሁን ወደ ደረት አንሱ፣ በሁለት እጅ ሰይፍ እንደያዘ ሰው ክንዳችሁን ፊት ለፊት አቆላልፉ። ስትቀመጡ ጥሩሩ ወደ ጉሮሮ ከተገፋ የታችኛው ረድፍ ረዝሟል። ክንድ ሲቆለፍ ደረቱ ላይ ከቆነጠጠ የብብቱ ቅርጽ ይጎድጉድ፤ ከምታስቡት በላይ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር መቁረጥ ይኖርባችኋል።

ደረቱ ሁለት ክፍል ነው። በግራ ብብት ስር በማጠፊያ ይያያዛል፣ በቀኝ በኩል በገመድ ይዘጋል። በቀኝ በኩል ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር መደራረብ ይኑር፤ አለበለዚያ ትንፋሽ ስትስቡ ክፍተት ይፈጠራል፣ በትርም ክፍተት አያጣም። ሰሌዳዎቹን በ4 ሚሊሜትር ድፍን ሪቬት በየ6 ሴንቲሜትሩ ምቱ። ውስጡ ክፍት የሆነውንና በመሳቢያ የሚመታውን ሪቬት አትጠቀሙ፤ በተደጋጋሚ ምት አንገቱ ይቆረጣል። የላይኛው የደረት ሰሌዳ ጠርዝ ወደ ውጭ ይታጠፍ፣ ጉሮሮን እንዳይመታ።

ደንቡ ኩላሊት እንዲሸፈን ያስገድዳል። ከጀርባ በኩል፣ ከታችኛዎቹ ሦስት ረድፎች ስር 6 ሚሊሜትር ውሃ የማይመጥ ድፍን ስፖንጅ ለጥፉ። የትከሻ ማንጠልጠያውን (ዋታጋሚ) 6 ሴንቲሜትር ስፋት ካለው ድርብ ቆዳ ሥሩት። ከፊት የሚቆለፈው በሞላላ የእንጨት ወይም የቀንድ ቁልፍ ነው፤ ፕላስቲክ ቁልፍ በብርድ ቀን ይሰበራል።

ቀዳዳው

የተንጠለጠለው ቀሚስ (ኩሳዙሪ) 7 ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል 5 ሰሌዳ። በድምሩ 35 ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው 20 ሴንቲሜትር ስፋትና 7 ሴንቲሜትር ቁመት ሲኖረው፣ ከድርብርቡ በኋላ የአንዱ ክፍል ርዝመት 29 ሴንቲሜትር ይመጣል።

ገመድ የሚታሰርበት መንገድ ሁለት ነው። ኬቢኪ የሚባለው ገመዱ ጎን ለጎን ተጠጋግቶ ሰሌዳውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍንበት ነው፤ ሱጋኬ የሚባለው ደግሞ ሁለት ሁለት ገመድ በመካከሉ ክፍተት እየተወ የሚወርድበት። ልዩነቱን በቁጥር እዩት። በሱጋኬ በየሰሌዳው 3 ዓምድ (ቁልቁል የሚወርድ የገመድ መስመር)፣ በየዓምዱ 4 ቀዳዳ ቢሆን 420 ቀዳዳ ነው። በኬቢኪ፣ በየሴንቲሜትሩ አንድ ዓምድ፣ በየዓምዱ ቢያንስ 2 ቀዳዳ ሲደረግ 1,400 ይሆናል። ያ ሁሉ ለቀሚሱ ብቻ ነው፤ የትከሻውና የአንገቱ ገና አልተቆጠረም። ለፍልሚያ ሱጋኬ ይሻላል። በሰሌዳዎቹ መካከል ጭቃ ሲገባ ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ የተበጠሰውን ዓምድ ብቻ ነጥሎ መቀየር ይቻላል። በጦርነቱ ዘመን የተስፋፋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀዳዳ በዓይን ግምት አትብሱ። ከ2 ሚሊሜትር ብረት አንድ የመብሻ ቅርጽ (ማስተር) ሥሩ፤ ሁሉም ቀዳዳ በትክክል ያለበት፣ ጥግና ጥጉ ላይ መያዣ ጥርስ ያለው። እያንዳንዱን ሰሌዳ ከሱ ጋር በሞርሳ አጥብቃችሁ በ5 ሚሊሜትር ፑንታ ብሱ። ገመዱ 8 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ከሆነ 5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ውስጥ ታጥፎ ያልፋል፤ ከዚያ ከጠበበ ስትጎትቱት ክሩ ይላጫል፣ ከዚያ ከሰፋ ሰሌዳው ይወዛወዛል። በቀዳዳዎች መካከል የአንድ ሚሊሜትር ስህተት በአንድ ሰሌዳ ላይ አይታይም፤ አምስቱ ሲደረደሩ ግን ቀሚሱ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ያንንም ገመድ ማጥበቅ አያቃናውም።

ከበሳችሁ በኋላ የእያንዳንዱን ቀዳዳ ጠርዝ በሁለቱም በኩል 10 ሚሊሜትር ፑንታ በእጅ አዙራችሁ ስለቱን አንሱለት። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ሰዎች የሚዘሉት ደረጃም ይህ ነው። በአሉሚኒየምና በብረት ላይ ከተዘለለ ገመዱ ከውስጥ እየተጋዘ ይቆያል፤ ከውጭ ደህና መስሎ ሳለ በድንገት ይለቃል።

ፕላስቲኩን ማጎበጥ የሚቻለው ከተበሳ በኋላ ነው። በሙቅ አየር ማፍሰሻ እስኪለሰልስ አሙቁት፤ 130 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚቀልጥ አንድ ቦታ ላይ አትቁሙ። ወፍራም ቧንቧ ወይም የእንጨት ግንድ ላይ አስጠግታችሁ እስኪቀዘቅዝ በጓንት ያዙት። ከመቀዝቀዙ በፊት ከለቀቃችሁት ወደ በርሜሉ ቅርጽ ይመለሳል።

ቀለም

ቀለም ከገመድ በፊት ነው፤ መቁረጥ፣ መብሳት፣ የቀዳዳውን ስለት ማንሳት፣ ማጎበጥ፣ መቀባት፣ ከዚያ ማሰር። የበርሜል ፕላስቲክ ቀለም አይቀበልም፤ እንዲሁ ብትቀቡት በመጀመሪያው ምት እንደ ቅርፊት ይላጣል። መፍትሔው የጋዝ ነበልባል ነው። በ240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ካሻከራችሁት በኋላ ሰማያዊውን የነበልባል ጫፍ ሳትቆሙ፣ ሳይቀልጥ፣ ላዩን ጠረግ ጠረግ አድርጉት። ውሃ ብትረጩበት ተንጠባጥቦ ከመውረድ ይልቅ እንደ ስስ ሽፋን ከተዘረጋ ተሳክቷል። ወዲያው በዚያው ቀን ለፕላስቲክ የተሠራ ማጣበቂያ ቀለም፣ ከዚያ አንጸባራቂ ጥቁር ስፕሬይ በሦስት ስስ ዙር። ብረቱን አንቲረስት አልብሱት፤ የቀዳዳው ውስጥም ይቀባ፣ አለበለዚያ ዝገቱ ገመዱን ያበላሸዋል።

እውነተኛውን ኡሩሺ ልጠቀም ለሚል፦ ሙጫው ሳይደርቅ ቆዳን ክፉኛ የሚያሳክክ ሽፍታ ያመጣል፣ የሚደርቀውም በደረቅ አየር ሳይሆን በእርጥበት ነው። በበትር ለሚደበደብ ዕቃ ልፋቱ አያዋጣም።

ማሰሩ

ሐር ውብ ነው፣ ውድም ነው። ጥጥ ሲረጥብ ይሸበሸባል። ናይለን ሲረጥብ ይለጠጥና ቀሚሱን ያረዝመዋል። የሚሻለው ፖሊስተር ነው፦ ጠፍጣፋ፣ የተጠለፈ፣ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር፤ ጥሩ የጫማ ክር ዓይነት። ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ ቢሆን ከዘመኑ ጋር ይስማማል፤ በታችኛው ሰሌዳ ላይ ያለው መስቀለኛ ስፌት (ሂሺኑዪ) ብቻ ቀይ ይሁን።

መጠኑን ለማስላት የአንዱን ክፍል ቁመት በ3 አባዙ፣ ለቋጠሮ 20 ሴንቲሜትር ጨምሩ። 29 ሴንቲሜትር ለሆነው 110 ሴንቲሜትር ገደማ ይመጣል። በየዓምዱ 2 ገመድ፣ በየክፍሉ 3 ዓምድ፣ 7 ክፍል፦ 42 ገመድ፣ 46 ሜትር። 55 ሜትር ግዙ፣ ሁሉንም ከአንድ ጥቅል፤ በሌላ ቀን የተገዛው ቀለሙ ይለያል። ሁሉንም ከመቁረጣችሁ በፊት ግን አንድ ዓምድ አስራችሁ ልኩን አረጋግጡ። በኬቢኪ ቢሆን ኖሮ ያው ቀሚስ 154 ሜትር ይበላ ነበር።

የገመዱን ጫፍ በላይተር አቅልጡ፣ ሳይደርቅ በጉጠት ቆንጥጣችሁ እንደ መርፌ አሹሉት። ሰሌዳዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ፤ በመካከላቸው እኩል ክፍተት እንዲኖር ከእንጨት የተቆረጡ እኩል መለያዎች አስገቡ። መጀመሪያ የቀኝና የግራ ዓምዶችን አላልታችሁ እሰሩና ክፍሉን አንስታችሁ በሚስማር ስቀሉት። ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለ መካከለኛውን ጨምሩ፤ ካዘነበለ አሁኑኑ አስተካክሉ። በየሰሌዳው ሁለቱ ገመዶች ይሻገራሉ፤ መሻገሪያው ገመዱን በቦታው ስለሚይዘው አንድ ቦታ ቢበጠስ የቀረው ዓምድ አይፈታም።

ውጥረቱ ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ታችኛውን ሰሌዳ በጣት ወደ ላይ ስትገፉት 2 ሴንቲሜትር ያህል ገብቶ ስትለቁት በራሱ መውረድ አለበት። ከጠበቀ ቀሚሱ እንደ ጣውላ ይቆማል፣ ስትራመዱ ጭን ይመታል፣ ምቱም በቀጥታ ገመዱ ላይ ያርፋል። ከላላ ሰሌዳዎቹ ይራራቁና በትሩ በመካከል ገብቶ ገመዱን ይመታዋል።

ከሁሉ በላይ የሚበጠሰው ቀሚሱን ከደረቱ ጋር የሚያገናኘው፣ ከ6 እስከ 8 ሴንቲሜትር የሚሆነው ባዶ ገመድ ነው። ሰሌዳ አይሸፍነውም፣ ወገብ ሲታጠፍም እሱ ነው የሚፈተገው። የምመክረው ቀሚሱን በቀጥታ ደረቱ ላይ ከማሰር 4 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው የ3 ሚሊሜትር ቆዳ ላይ ማሰርና ቆዳውን በደረቱ ታችኛ ጠርዝ ላይ በማሰሪያ ማንጠልጠል ነው። ይህ የዘመኑ ሠሪዎችም የሠሩበት ዘዴ ነው፤ ቀሚሱ ለብቻው ይወልቃል፣ ይታጠባል፣ ይጠገናል።

የራስ ቁር (ካቡቶ)

እዚህ ላይ ፕላስቲክና አሉሚኒየም ቦታ የላቸውም። ደንቡ ቢያንስ 1.6 ሚሊሜትር ብረት ይላል፤ እኔ 2 ሚሊሜትር እላለሁ። ከ60 በላይ ስስ ሰሌዳዎች የሚገጣጠሙበትን ባለ ሸንተረር ቁር ተዉትና ዙናሪ የሚባለውን፣ ጥቂት ሰሌዳ ብቻ ያለውን፣ የራስ ቅርጽ የያዘውን ሥሩ። መጋጠሚያው ይበየድ፣ ብየዳው ይሞረድ፣ ውስጡ ሹል ነገር አይኑር። በውስጥ 13 ሚሊሜትር ድፍን ስፖንጅ፣ የአገጭ ማሰሪያው ቢያንስ 13 ሚሊሜትር ስፋት።

ችግሩ ፊት ነው። ታሪካዊው ግማሽ ጭንብል (መንፖ) ዓይንን ክፍት ይተዋል፤ ደንቡ ግን ከ25 ሚሊሜትር በላይ ክፍተት አይፈቅድም። 5 ሚሊሜትር የብረት ዘንግ ቆርጣችሁ ፍርግርግ በየዱና ከቁሩ ጋር እንጂ ከጭንብሉ ጋር አታያይዙት። ፍርግርጉ ከአገጭና ከመንጋጋ በታች ቢያንስ 25 ሚሊሜትር ይውረድ። ደብዛዛ ጥቁር ከተቀባ ከጥቂት ሜትር ርቀት ዓይን አያየውም። ጭንብሉን ከዚያ በላይ ከስስ ቆዳ ሠርታችሁ አልብሱት፤ ያኔ ጌጥ ብቻ ነው፣ ምቱን የሚቀበለው ብረቱ ነው።

የአንገት መሸፈኛው (ሺኮሮ) በገመድ ስለተንጠለጠለ ጎንበስ ስትሉ ይነሳል፣ ከጎን ሲመታም ይወዛወዛል። ስለዚህ የአንገት አከርካሪን ለብቻው አያድንም። ከስር ከ4 ሚሊሜትር ጠንካራ ቆዳ የተሠራ፣ ጉሮሮንም ማጅራትንም የሚይዝ አንገትጌ ልበሱ። በግንባር ላይ የሚሰካው ቀንድ ወይም ጌጥ ከወፍራም ስፖንጅ ይሁን፤ የብረቱን ለሰልፍ አስቀምጡት።

እጅና እግር

የክንድ እጅጌው (ኮቴ) ከወፍራም ጨርቅ ይሰፋል፤ በላዩ ከክርን በታች 2 ሴንቲሜትር ስፋትና 18 ሴንቲሜትር ርዝመት ያላቸው 6 የብረት ዘንጎች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። የክርኑ ታሪካዊ ሰሌዳ ትንሽና ጠፍጣፋ ስለሆነ ከጨርቁ ስር ጎድጓዳ ጠንካራ የክርን መሸፈኛ ከ6 ሚሊሜትር ስፖንጅ ጋር ይግባ። የእጅ መዳፍ ጀርባ ላይ ያለችው ሰሌዳ ጣትን አታድንም። የሆኪ ወይም የላክሮስ ጓንት አድርጉና በላዩ ሰሌዳዋን ስፉ።

ለጉልበት ሰፊው ሱሪ (ሃካማ) ይረዳል፤ ጠንካራው የጉልበት መሸፈኛ ከስሩ ይደበቃል። የጭን መሸፈኛው (ሃይዳቴ) ከወገብ እንደ ሽርጥ ብቻ ከተንጠለጠለ ሩጫ ላይ ይገለበጣል፤ ከጭን ጀርባ ሁለት ማሰሪያ ጨምሩበት። የቅልጥም ገምባሌ (ሱኔአቴ) እንደ ክንዱ በዘንግ ይሠራል፤ ኤስሲኤ ውስጥ ከጉልበት በታች መምታት ስለማይፈቀድ እዚህ ስስ ብረት ይበቃል። የብልት መከላከያ ግዴታ ነው።

ሜዳ ላይ

በቦርሳችሁ ውስጥ የተቆረጡና ጫፋቸው የተሾለ 10 ገመዶች፣ ወስፌ፣ ላይተር፣ ጉጠት፣ ጥቂት 4 ሚሊሜትር ብሎን ከነሰፋፊ ዋሸሩ ይኑር። ሪቬት ቢለቅ ብሎን ቀኑን ያሳልፋል። ከእያንዳንዱ ፍልሚያ በኋላ የቀሚሱን ማንጠልጠያ ገመድ በጣት ዳስሱ፤ ክሩ ጸጉር ካወጣ ሳይበጠስ ቀይሩት። ቤት ስትደርሱ ጥሩሩን ሣጥን ውስጥ አትክተቱ። እርጥብ ገመድ በአንድ ሌሊት መሽተት ይጀምራል፣ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ብረትም ይዝጋል። ቀሚሱን ከነቆዳው አውልቃችሁ በለብታ ውሃ እጠቡት፣ ሰሌዳዎቹ ተዘርግተው እስኪደርቁ ጥላ ውስጥ ስቀሉት።